የጨው ልክ

ከወህኒው ግድግዳ፣ ባሕሩን ከሚያየው፣
ክንድ የማትሞላ አንዲት መስኮት አለችው፤
እስረኛ የጋገረው ዳቦ ይሸጥባታል።
ሻጩ እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል
የቺሎዌ ዝናብ ጫማዬን እየበላው፣
ጀርባዬን እሳቱ፣ ፊቴን ብርዱ እየላሰው።

በበሩ ላይ ጽፈው «ማረሚያ» ይሉታል።
ልጅ ሆኜ ከድንች ማሳ አረም ነቅያለሁ፤ ሥሩ ሲቀር ይበቅላል።
ሰው ላይ ግን ሥሩ የቱ፣ ቅጠሉ የቱ ነው?
ከአረሙ ጋር አብረን ድንቹን የነቀልነው
ስንቴ ነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ኦርቴንሲያ ትመጣለች፤
ሳንቲሟን ከመሃረብ ፈትታ ትቆጥራለች፤
ሁለት ዳቦ፤ አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለሮኬ፣
ለታናሹ ልጇ።
ትልቁ፣ ሊሳንድሮ፣ ከወደቡ በላይ
በጠርሙስ ስባሪ ወደቀ መንገድ ላይ፤
ጠቡ የአንድ ጥንድ ቦት ጫማ ዕዳ ነበር።
ገዳዩ ዋልዶ ነው።
ሊጡን በሌሊት ተነሥቶ የሚያቦካው።
ይህን እኔ አውቃለሁ። እሷ ግን አታውቀው።

ችሎት ላይ ዳኛዋ «አሥራ አራት» ስትል ነበርኩ፤
በየትኛው ሚዛን? ብዬ አሰብኩ።
ይቺ የእኛዋ እንኳ፣ ለዱቄት ተሠርታ፣
ትዋሻለች በጣት ካልነኳት መታ መታ።
እኔም በመጀመሪያ ዓመቴ አንዱን ልጅ ደብድቤ
ጥርሱን አውልቄያለሁ፤ በማግሥቱ በልቤ
የቀረ ነገር አልነበረም። ደመወዜ መጣ።
እኔን የሚመዝን ሚዛን ከየት ይምጣ?

ሮኬ ደግሞ ቆጥሮ ይጠብቃል አሉ፤
ቀን ጀልባ ይጠግናል፣ ማታ ቢላ ይስላል አሉ።
እቤታቸው ያለው ቢላ ግን አንድ ነው፤
ለዋልዶ የተሳለው
ዋልዶ የጋገረውን ነው በየምሽቱ የሚቆርጠው።

«የማን እጅ ነው ይሄ?» አለች፤ ቅርፊቱን
አንኳኳችው ቀስ ብላ፣ እንደሚያንኳኳ ሰው የማያውቀውን
በር።
መዋሸት ይቻል ነበር።
«ዋልዶ» አልኩ። የአባቱን ስም አልጨመርኩም፤
አላስፈለገም።

አላለቀሰችም። ከንፈሯ ብቻ ቆጠረ፦
«ሁለት በሳምንት… ሦስት ዓመት…» መሃል ላይ ቀረ።
ዳቦዎቹን ደፉ ላይ መልሳ አስቀምጣ
«እጁን ስበላ ኖርኩ» አለች። ሌላ ቃል ከአፏ ሳይወጣ
ቁልቁለቱን ወረደች።
ዳቦውን ወፎች በሉት።

ለዋልዶ ነገርኩት። ቆመ። እጆቹ ላይ
ሊጡ ደርቆ ነበር፣ ጀሶ መስሎ ሲታይ።
«ከእንግዲህ አላቦካም፤ ክፍሌ ይሻለኛል።»
እውነቱን ነው፤ ግንብ ፊት ማን ያፍራል?
ቅጣት የቱ እንደሆነ ያን ቀን ጠፋኝ፦
መዝጊያው ነው? ወይስ ሊጡ? ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ከበደኝ።

ሦስት ቅዳሜ አለፈ። በአራተኛው መጣች፤
ያንኑ ሳንቲም ይዛ፣ ያንኑ መሃረብ ፈታች።
«ጨው አንሶታል፣ በለው።
ሁልጊዜም ያንሰዋል። ዝም ያልኩት የእስረኛ ዳቦ ነው
ብዬ ነበር። አሁን ስሙን አውቄ አልጫ አልበላም።
ይቅር ለእግዜር አላልኩም፤
እሱንም ንገረው። ስንት ዓመት ቀረው?»
«አምስት።»
ዝም አለች። «ሮኬ ስድስት ነው የሚለው።»

ዋልዶ ጨው ዘግኖ ሚዛኑ ፊት ቆመ፤
ጨመረ፣ ቀነሰ፣ እንደገና ደገመ፤
አንድ ሌሊት ሙሉ፣ ለአንዲት እፍኝ ጨው።
እኔ ነበርኩ ጠርዙን መታ መታ የማደርገው።

ቅዳሜ ቆረሰች፤ እዚያው፣ ዝናቡ ላይ፤
እያኘከች አየች ከትከሻዬ ኋላ፣ ወደ እሳቱ ላይ።
«አሁን ደግሞ በዛ» አለች።
የሁለት ዳቦ ከፈለች።